ማሳየትና መንገር፦ ልብ ወለድ ስንጽፍ የቱን መቼ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሏ ጥሏት ስለሄደ አንዲት ሴት አጭር ልብ ወለድ ጻፍኩ። በዛ ሰሞን "አሳይ እንጂ አትንገር" ሚባለውን ምክር አንድ ቦታ አንብቤ እንደ አዲስ አማኝ ሆኜ ነበር፣ እና "አዝናለች" ላለማለት ስል ሴትዮዋን ቡና አስፈላኋት። ቡናው ታጠበ፣ ተቆላ፣ ጭሱ ወጣ፣ ተወቀጠ፣ ጀበናው ገነፈለ፣ እሷ መስኮቱን አየች፣ ረከቦቱን አየች፣ ሲኒውን ደጋግማ አጠበች፣ እንደገና መስኮቱን አየች... አራት ገጽ ሙሉ። ለጓደኛዬ ሰጠሁትና አንብቦ ሲጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቆንጆ ነው፣ ግን ሴትዮዋ ቡና ቤት ልትከፍት ነው እንዴ?"

ተናደድኩ። ተናድጄ ቤቴ ገባሁና አራቱንም ገጽ ሰርዤ በእልህ አንድ አረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ "ባሏ ከሄደ ጀምሮ ቡና የምታፈላው ለአንድ ሰው ነው፣ ሲኒ የምታቀርበው ግን ሁለት።"

ምን ገረመኝ መሰላችሁ፣ ይቺ አረፍተ ነገር መንገር ናት። ትዕይንት የላትም፣ ቀን የላትም፣ ተራኪው መጥቶ በአጭሩ ነገረን። ሁለተኛዋ ሲኒ ግን ትታያለች። ከዛ ወዲህ ማሳየትና መንገርን እንደ ጠላት ማየት ተውኩ፣ እና ለራሴ አንድ አካሄድ አወጣሁ፣ እሱን ነው እዚህ በተራ ማስቀምጠው።

በመጀመሪያ ግን በሁለት መስመር ምን ማለታችን እንደሆነ እንግባባ። መንገር ማለት ተራኪው ድምዳሜውን ሲሰጣችሁ ነው (ሰውየው ንፉግ ነው፣ ልጅቷ ፈርታለች፣ ሦስት ዓመት አለፈ)። ማሳየት ማለት ማስረጃውን ፊታችሁ አስቀምጦ ድምዳሜውን ለእናንተ ሲተወው ነው። አንዱ ሦስት ዓመትን በአንድ መስመር ይጠቀልላል፣ ሌላው ሦስት ደቂቃን ሁለት ገጽ ያደርጋል። ልዩነታቸው የጥራት ሳይሆን የፍጥነትና የርቀት ነው።

ምክሩን ሰው ሁሉ ከሩሲያዊው ደራሲ ከቼሆቭ ጋር ያያይዘዋል። ቼሆቭ በ1886 እ.ኤ.አ. ለወንድሙ ለአሌክሳንደር በጻፈው ደብዳቤ የጨረቃ ሌሊትን መሳል ከፈለግክ ወፍጮው ግድብ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ ስባሪ እንደ ኮከብ ብልጭ ሲል፣ የውሻ ወይ የተኩላ ጥቁር ጥላ እንደ ኳስ ሲንከባለል አሳይ አይነት ነገር ይለዋል። ስለ ስሜትም እንደዛው፣ ከሰዎቹ ድርጊት ይታወቅ ይላል። እዚህ ድረስ ልክ ነው። ግን ከታሪክ ውስጥ መንገር ሚባል ነገር ይጥፋ አላለም፣ ራሱም ታሪኮቹ ውስጥ የሰው ዕድሜ በሁለት መስመር ያሳልፋል። ደንቡን እያከረሩ የሄዱት ከሱ በኋላ የመጡት ናቸው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዌይን ቡዝ ሚባል አሜሪካዊ ሃያሲ ወፍራም መጽሐፍ ጽፎ ኧረ ተራኪን ከልብ ወለድ ማባረር አይቻልም ብሎ ተከራከረ። እኔ ከቡዝ ጋ ነኝ። በቃ ወደ ሥራችን።

1. መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ጻፉት

የመጀመሪያው ድራፍት ላይ ስለ ማሳየት አትጨነቁ። "በጣም ተናደደ" ብላችሁ እለፉ፣ ለራሳችሁ የተጻፈ ማስታወሻ ነው፣ በኋላ ትመለሱበታላችሁ። እየጻፉ እያንዳንዱን ስሜት ወደ ምስል ለመቀየር የሚታገሉ ልጆች አውቃለሁ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደክሟቸው ይተውታል።

2. የሚለወጥ ነገር ያለበትን ቦታ ፈልጉ

ዋናው ይሄ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይቺን ያዙልኝ።

አንድ ታሪክ እንያዝ። ሄኖክ ሚባል ልጅ አለ እንበል። አዲስ አበባ አንዲት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው፣ አከራዩ እትዬ አስካለ እዛው ግቢ ትልቁ ቤት ውስጥ አሉ። ሄኖክ ከሥራ ከተቀነሰ ሁለት ወሩ ነው፣ ለማንም አልተናገረም። በየቀኑ ጠዋት የላፕቶፕ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ኪራይ አልከፈለም። መጨረሻ ላይ እትዬ አስካለ ያውቁበታል።

አሁን ወረቀት ላይ ቁራጭ ቁራጩን ጻፉት፦ ከደሴ እንዴት እንደመጣ፣ ከሥራ የተቀነሰበት ቀን፣ ሁለት ወር ከተማው ውስጥ ሲዞር፣ እትዬ አስካለ ያወቁበት ማታ፣ በማግስቱ ጠዋት። ከዛ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ በነዚህ በሁለቱ ሰዎች መሃል የተለወጠ ነገር አለ ወይ? ካለ ጎኑ ላይ "አ" ብላችሁ ጻፉ፣ ማሳየት ነው። ከሌለ "ን"፣ ንገሩትና እለፉ።

ከደሴ መምጣቱ? "ን"። ሁለት መስመር ይበቃዋል። ሁለት ወር መዞሩ? ይሄም "ን" ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቀን ከሌላው ቀን ጋር አንድ አይነት ነው፣ አንባቢን ሁለት ወር አብሮ ማዞር ግፍ ነው። እትዬ አስካለ ያወቁበት ማታስ? "አ"፣ ታሪኩ ራሱ እሱ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ከሥራ የተቀነሰበት ቀን ላይ ነው። ድራማ አለው አይደል፣ አለቃ ቢሮ መጠራት፣ ደብዳቤ፣ "እናዝናለን" መባል፣ ዕቃ በካርቶን ይዞ መውጣት፣ እጅ ያሳክካል። ግን ይሄ ታሪክ የሄኖክና የአለቃው ሳይሆን የሄኖክና የአከራዩ ነው። አለቃው ከዛች ቀን በኋላ ድጋሚ አይመጣም። ሦስት ገጽ ካሳያችሁት አንባቢ "ይሄ ሰውዬ የት ሄደ" እያለ እስከ መጨረሻው ይጠብቀዋል። ማሳየት እኮ ለአንባቢ ቃል መግባት ነው፣ ይሄን ልብ በል ብላችሁ ነግራችሁታል ማለት ነው። ስለዚህ ጩኸት ያለበት ቦታ ሁሉ "አ" አይደለም።

እኔ ከአስር ገጽ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይ ሦስት "አ" ነው ሚወጣልኝ። ስምንት "አ" ከወጣላችሁ ወይ ልብ ወለዱ ረጅም ነው ወይ ራሳችሁን እያታለላችሁ ነው።

3. "አ" ያላችሁትን ቅረቡት

አሁን "ሄኖክ ሥራ እንደሌለው ይደብቅ ነበር" የሚለውን አረፍተ ነገር እንውሰድ። ሰው ማሳየት ሲባል ካሜራ ይመስለዋል፣ በሩን፣ ግድግዳውን፣ ዝናቡን፣ የኮርኒሱን ስንጥቅ ሁሉ ይደረድራል። የኔ አራት ገጽ ቡናም ከዛ ነው የመጣው። ሚፈለገው አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ሰው ብቻ የሚያደርገው፣ ሌላ ሰው የማያደርገው አንድ ነገር።

እንዴት ይገኛል? ዕቃው ላይ ጥያቄ ጠይቁ። ቦርሳ ይዞ ይወጣል ብለናል። ቦርሳው ውስጥ ምን አለ? ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቱ ነበር፣ አስረክቧል። ታዲያ ቦርሳው ባዶ ነው፣ ባዶ ቦርሳ ደግሞ ትከሻ ላይ ይሟሽሻል፣ ያስታውቃል። ስለዚህ ሄኖክ ጠዋት ጠዋት ፎጣውን አራት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል። አገኘነው። ፎጣው ካለ "አፍሯል" ማለት አያስፈልግም፣ "ይዋሻል" ማለትም አያስፈልግም። ይቺ ፎጣ እንዳለች ለአንባቢ ቀደም ብለን በአንድ መስመር ሹክ እንለዋለን (በመንገር!)፣ ከዛ ትዕይንቱ ይመጣል፦

"ማታ ዝናብ ነበር። በሩን ገፍቶ ሲገባ እትዬ አስካለ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰቡ ነው።

'አምጣው ልያዝልህ፣ በስብሰህ የለ እንዴ' ብለው ቦርሳውን ከትከሻው ወሰዱት።

ከፍ አደረጉት። ዝቅ አደረጉት።

'ሥራ እንዴት ነው ሄኖኬ?'

'ይመስገን እትዬ። ሰሞኑን በጣም ብዙ ነው።'

ቦርሳውን እንቁላል እንደያዘ ዕቃ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ አኖሩት።

'ነገ ቡና ጠጥተህ ውጣ' አሉት። 'አትቸኩል።'"

ኪራይ ሚል ቃል የለም። አወቁ ሚል ቃል የለም። "አትቸኩል" የምትለዋን ግን አንባቢው ራሱ ይሞላታል፣ ሲሞላት ደግሞ ታሪኩ የሱም ይሆናል። ይሄ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሰምና ወርቅ ያለው ሕዝብ ነን፣ ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን ሰሚው እንዲያወጣው መተው ከድሮ ጀምሮ እናውቅበታለን። ቅኔ የሚቀኝ ሰው ሰሙን ብሎ ሲያበቃ "ወርቁ ደግሞ እንዲህ ማለት ነው" ብሎ ራሱ ቢያብራራ ምን እንደሚመስል አስቡት።

4. ሆድ፣ አንጀት፣ ቆሽት፦ የአማርኛ ወጥመድ

ይሄን ማንም ሲጽፈው አላየሁም፣ ግን ከማያቸው ድራፍቶች ግማሹ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። አማርኛ ስሜትን በሰውነት ነው ሚናገረው። ሆዱ ባባ፣ አንጀቷ ተንሰፈሰፈ፣ ቆሽቱ አረረ፣ ደሙ ፈላ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ወሽመጡ ተቆረጠ። ጸሐፊው "አዘነ" ማለት ተከልክያለሁ ብሎ "ሆዱ ባባ" ይልና ያሳየ ይመስለዋል፣ የሰውነት ክፍል አለበታ! ግን "ሆዱ ባባ" ሲባል ሆድ ሚታየው ማን አለ? ቃሉ ከብዙ አገልግሎት ብዛት ምስሉ ተፍቆ አልቋል፣ "አዘነ" ማለት ሆኗል። ስለዚህ መንገር ነው። የሰውነት ልብስ የለበሰ መንገር።

ይሄ ማለት አትጠቀሙባቸው ማለት አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ። ሁለት ቦታ ወርቅ ናቸው። አንደኛ በፍጥነት ነግራችሁ ማለፍ ስትፈልጉ፣ "አዘነ" ከሚለው ደረቅ ቃል "ሆዱ ባባ" የተሻለ ሙቀት አለው። ሁለተኛ ሰው ሲናገር፣ ምክንያቱም ሰው እንደዚህ ነው ሚያወራው። እናት "አንጀቴን በላኸው" ስትል ተራኪው ሳይሆን እሷ ናት ያለችው፣ አነጋገሯ ራሱ እሷን ያሳያል። ጥፋቱ ትዕይንቱ ወሳኝ ቦታ ላይ ደርሶ፣ አንባቢ ትንፋሹን ይዞ፣ እናንተ "ቆሽቱ አረረ" ብላችሁ ስትገላገሉ ነው። እዛ ጋ ሲመጣባችሁ ቁሙና እጁ ምን አደረገ ብላችሁ ጠይቁ። እጅ ጥሩ ነው፣ እጅ ላይ ገና ብዙ አባባል አልተጫነበትም።

በተቃራኒው ደግሞ አማርኛ የሰጠን አንድ ስጦታ አለ፣ "አለ" የሚለው ግስ። ተቀመጠ በሉ፣ ምንም አላየሁም። ዘፍ አለ በሉ፣ ድካሙን አየሁት። ኩርምት አለ፣ ብርዱን ወይ ፍርሃቱን አየሁት። ብድግ አለ፣ ፎቀቅ አለ፣ ሽምቅቅ አለ፣ ሰተት ብሎ ገባ፣ ቀና አለና መልሶ አቀረቀረ። አንድ ቃል ሙሉ ትዕይንት ይሸከማል፣ ገጽ መጨረስ አያስፈልግም። ብቻ አታብዙት፣ በአንድ አረፍተ ነገር ሦስት ካስገባችሁ "ብድግ ብሎ ሰተት ብሎ ገብቶ ዘፍ አለ" ይሆንና የልጆች ፊልም ይመስላል።

5. አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

ይሄኛውን በጣም ነው ምወደው። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው በሁለት ሰዎች መሃል ፍቅር ወይ ክብር እንደተሸረሸረ ለማሳየት ብዙ መልፋት አለበት፣ እኛ አንድ ቃል እንቀይራለን።

የእትዬ አስካለን ትዕይንት እንመለስበት። ሁለት ዓመት ሙሉ "ሄኖኬ"፣ "አንተ ልጅ"፣ "በስብሰህ የለ እንዴ" ሲሉት የነበሩ ሴትዮ አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ ቆመው "ኪራዩን መቼ ነው የሚከፍሉት?" ቢሉትስ? "የሚከፍሉት"! ግልምጫ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ጨዋ አረፍተ ነገር ናት፣ ግን ሄኖክ ከዛች ሰከንድ ጀምሮ ልጅ ሳይሆን ተከራይ ነው። የሚቀጥለው ወር ላይ እንደሚያስወጡት አንባቢ አውቋል። የተገላቢጦሹም አለ፣ ትልቅ ሰውን ሁሌ "እርስዎ" ሲል የኖረ ወጣት ድንገት "አንተ" ሲለው ግቢው ሁሉ ጸጥ ይላል። ባልና ሚስት ከተጣሉ በኋላ ስም ጠርተው መነጋገር ሲጀምሩም እንደዛው ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ መቀየሩ እንዲሰማ መጀመሪያ ልማዱ መመስረት አለበት፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ "አንተ" ሲሉት ሰምተን መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከቀየራችሁ በኋላ "አሉት በቅዝቃዜ፣ ከዚህ በፊት አንተ ነበር ሚሉት" ብላችሁ አታብራሩ። አማርኛ አንባቢ ነው፣ ጆሮ አለው።

ደግሞ የተራኪውንም አጠራር እዩት። እኔ ከላይ "እትዬ አስካለ ... አሉት" እያልኩ ነው የተረክኩት። ለምን? ታሪኩን ከሄኖክ ትከሻ ላይ ሆኜ ስለማየው፣ ለሱ እትዬ ናቸው። መሃል ላይ ረስቼ "አስካለ ቦርሳውን ወሰደች" ብል ሳላውቅ ከትከሻው ወርጄ ሌላ ቦታ ቆሜያለሁ። ድራፍት ስታርሙ ይሄን መዋዠቅ ፈልጉ፣ በጣም ይበዛል።

6. "ን" ያላችሁትን ደግሞ በደንብ ንገሩት

ሰው ማሳየት ላይ ሲለፋ ይውላል፣ መንገር ላይ ሲደርስ ሪፖርት ይጽፋል። መንገር እኮ ጥበብ ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን (1958 ዓ.ም.) አስቡት፣ በዛብህ ገና ሳይወለድ የእናትና አባቱን ታሪክ ተራኪው ዘና ብሎ ይነግረናል፣ ማንም "ተራኪ ሆይ አሳየን" አላለውም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ሰው ሬዲዮ ከቦ ነበር ሚያዳምጠው። እኛ ሲተረክልን ያደግን ነን፣ ጥሩ ተራኪ እንወዳለን። ታዲያ ጥሩ መንገር ምን አለው?

ድምፅ አለው። "እትዬ አስካለ ቆጣቢ ሴት ነበሩ" የመንግሥት ማመልከቻ ነው። "እትዬ አስካለ ክፉ አልነበሩም፣ ብቻ የመብራት ቆጣሪውን ከመብራት ኃይል በፊት እሳቸው ያነቡታል" ግን የሆነ ሰው እያወራኝ ነው። ሁለቱም መንገር ናቸው፣ ሁለተኛው ላይ ተራኪው ቅንድቡን ከፍ አድርጓል።

የሚጨበጥ ነገር አለው። "ለረጅም ጊዜ ሲንከራተት ቆየ" ከማለት፦ "ሁለት ወር ሙሉ ከሜክሲኮ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሜክሲኮ ተመላለሰ። መጀመሪያ ምሳውን ወደ ሻይ ቀየረው፣ ቀጥሎ ሻዩንም ተወው።" ሁለት ወር በሁለት መስመር አለቀ፣ ግን ራቡ ቀርቷል።

ምት አለው። አማርኛ ግስ መደርደር ይችላል፣ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ እስኪመጣ አንባቢውን አንጠልጥሎ ይወስዳል። "ሄኖክ ከደሴ መጥቶ፣ አካውንቲንግ ተምሮ፣ አንድ አስመጪ ጋ ሦስት ዓመት የሰው ብር ቆጥሮ፣ ባለፈው ግንቦት አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዞ ወጣ።" ሙሉ የሕይወት ታሪኩ ነው! መጥቶ፣ ተምሮ፣ ቆጥሮ ሲል ደረጃ እየወጣ ነው ሚመስለው፣ "ወጣ" ላይ ይወድቃል። በየአረፍተ ነገሩ አራት ነጥብ እየከተታችሁ "ከደሴ መጣ። ተማረ። ሠራ። ተቀነሰ።" ብትሉት ያ አቀበትና ቁልቁለት አይኖርም።

7. በሩን አብጁለት

ከመንገር ወደ ማሳየት ስትገቡ አንባቢ መግቢያ ይፈልጋል። ቀላሉ በር እንዲህ ነው፣ ልማዱን በ"ይ...ነበር" ትነግሩና አንድ ቀን ትነጥላላችሁ። "ማታ ማታ ሲገባ እትዬ አስካለ ከሳሎን ሆነው ደህና አመሸህ ይሉት ነበር። የዛን ማክሰኞ ግን ዝናብ ስለነበር ውጪ አገኛቸው።" "የዛን ማክሰኞ ግን" ስትሉ አንባቢው ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል፣ አሁን ሚሆን ነገር አለ ማለት ነው።

ትዕይንት መሃል ላይ ግን "ይሄድ ነበር፣ ያይ ነበር፣ ይስቅ ነበር" እያለ ከመጣባችሁ ሳታውቁት ከትዕይንቱ ወጥታችኋል፣ ወደ ልማድ ገብታችኋል። "ሄደ፣ አየ፣ ሳቀ" አድርጉት። ስልካችሁ ላይ ወይ ዎርድ ላይ "ነበር" ብላችሁ ፈልጉና በቀለም አቅልሙት፣ ቀለሙ የበዛበት ገጽ "አ" ያላችሁት ከሆነ ችግር አለ። በዛው "ተሰማው"፣ "መሰለው"፣ "በጣም" የሚሉትንም ፈልጓቸው። ሁሉንም አጥፉ አላልኩም፣ አንድ በአንድ ጠይቋቸው። "ብርድ ተሰማው" ከማለት "እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ" ሚሻልበት ቦታ አለ፣ ብርዱ ለታሪኩ ምንም የማይሠራ ከሆነ ግን "በርዶታል" ብላችሁ እለፉ።

8. አንዱን ነገር ሁለቴ አትበሉት

"ሲኒውን ግድግዳው ላይ ወረወረው። በጣም ተናዶ ነበር።" ሁለተኛዋ ለምን መጣች? ጸሐፊው ስላልተማመነ። ወይ በራሱ ወይ በአንባቢው። አንዷ ትቁረጥ። ዲያሎግ ላይም እንደዚሁ ነው፣ "'ውጣ ከቤቴ!' አለች በቁጣ"፣ በፍቅር ልትለው ኖሯል እንዴ?

ግን አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያምራሉ፣ ሲቃረኑ። "ሲኒውን ግድግዳው ላይ ወረወረው። አልተናደደም፣ ፈርቶ ነው።" እዚህ ጋ ድርጊቱ አንድ ነገር አሳየን፣ ተራኪው መጥቶ አይ ተሳስታችኋል አለን። ፎቶ ቢሆን አይችለውም፣ ፊልምም ቢሆን ይከብደዋል፣ ልብ ወለድ ብቻ ነው በአንድ መስመር ሰውዬው ውስጥ ሚገባው። ሚዛን ሚዛን ሲሉ ብዙዎቹ ግማሽ በግማሽ መደባለቅ ይመስላቸዋል፣ ለኔ ግን ይሄ ነው፣ አንዱ የማይችለውን ሌላው ሲሠራ። ለሄኖክ ታሪክም ትዕይንቱ እንዳለቀ አንድ የመንገር መስመር ጨምሬለታለሁ፦ "በማግስቱ ቡናውን ጠጣ። ሦስተኛውን ድረስ።" በረካ ድረስ ቁጭ ማለቱ ሥራ እንደሌለው አመነ ማለት ነው፣ ያመነበትን ንግግር ግን አላሳየሁም። ጽፌው ነበር፣ ገጽ ተኩል ሙሉ ይቅርታና እንባ፣ አነበብኩትና ንግግሩን አውጥቼ ቡናውን ብቻ ተውኩት።

9. ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ከዛ ለሰው ስጡ

ጮክ ብላችሁ ስታነቡ እናንተው ራሳችሁ ለመጨረስ የቸኮላችሁበት ቦታ ካለ እዛ ጋ ማሳየቱ በዝቷል። ቶሎ አለፈብኝ ያላችሁት ካለ ደግሞ እዛ ጋ ነግራችሁ ሸሽታችኋል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚከብደውን ትዕይንት ነው በመንገር ሚያመልጠው፣ ልቅሶውን፣ ግጭቱን፣ ይቅርታ መጠየቁን። "ብዙ ተነጋግረው ታረቁ" ሚል አረፍተ ነገር ካያችሁ ጠርጥሩት። (እኔ ከላይ ያወጣሁት ይቅርታ ሌላ ነው፣ መጀመሪያ ጽፌው ነው የቆረጥኩት፣ ሳይጽፉ መዝለልና ጽፎ መቁረጥ አይገናኙም።)

ከዛ የሚያነብ ሰው ፈልጉ። "ወደድከው?" አትበሉት፣ አዎ ነው ሚላችሁ፣ አበሻ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁት። "የት ጋ ስልክህን አነሳህ?" በሉት፣ ያቺን ገጽ አሳጥሯት ወይ በአንድ መስመር ንገሯት። "እትዬ አስካለ አውቀዋል ወይስ አላወቁም?" በሉት፣ ማለትም የታሪካችሁን ወርቅ ያገኘው እንደሆነ። ያ የቡና ቤት ጓደኛዬ አሁንም ድራፍት ስሰጠው መጀመሪያ "ስንት ገጽ ቡና አለው?" ይለኛል፣ ግን እስከ ዛሬ ከሱ የተሻለ አንባቢ አላገኘሁም፣ ምክንያቱም ያልገባውን አልገባኝም ይላል።

አልገባኝም ካላችሁ ታዲያ እዛው ቁጭ ብላችሁ አታስረዱት። መጽሐፉን ገዝቶ ቤቱ የሚያነበው ሰው ጋ ሄዳችሁ አታስረዱትማ። ወረቀታችሁን ተቀበሉና ትዕይንቱን ሳትነኩ ከሱ በፊት አንዲት የመንገር መስመር ጨምሩ፣ እንደ ፎጣዋ፣ ከዛ ታሪኩን ጨርሶ ላላየ ሌላ ሰው ስጡት።